የአልቢ ትሪዊን አንዲት ጎል

የሰው ዕድሜ ተጨምቆ ሲወጣ ስንት ይሆናል? ሠላሳ ዓመት ፍልስፍና ሳስተምር መልሱን አላገኘሁትም። ጎረቤቴ አልቢ ትሪዊን ግን ያውቀው ነበር፤ ሰባት ደቂቃና አንዲት ጎል።

በሜልበርን «ጦርነቱ ባይኖር ኖሮ» እያለ የሚተርክ የቀድሞ ኳስ ተጫዋች የሌለው መጠጥ ቤት የለም። የእኛ ሰፈር ክቡር አልቢን ይዞ ነበር። እውነቱን ለመናገር፣ ጦርነቱ ባይኖር ኖሮ ክቡርነታቸውን የሜዳው ዘበኛም አያስገባቸውም ነበር። በ1943 እ.ኤ.አ. ጎበዞቹ ጃፓንን ሊገጥሙ ዘምተው ክለባችን ሰው ሲያጣ፣ ለውትድርና ያላበቃውን ጠፍጣፋ እግሩን ይዞ ከጥይት ፋብሪካ ተጠራ፤ አሥራ ዘጠነኛ፣ ማለትም ከአሥራ ስምንቱ ተሰላፊ ሌላ ብቸኛው ተጠባባቂ።

ጨዋታውን በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ አግዳሚ ላይ ከረመ። ሰባት ደቂቃ ሲቀር ገባ። አንዴ ወደቀ፣ አንዴ የገዛ አምበሉን ጣለ፣ አንዴ ኳሷን መታ። ነጭ ካፖርት የለበሰው የጎል ዳኛ ሁለት ባንዲራ አውለበለበ፤ በአውስትራሊያ እግር ኳስ ይህ ሙሉ ጎል ነው፣ ስድስት ነጥብ። በሦስት ነጥብ አሸነፍን። ከዚያ በኋላ ማንም አልጠራውም።

ያቺ ምት ግን በየዓመቱ ታድግ ነበር። በሠላሳ እርምጃ ርቀት ተወልዳ፣ እኔ ስደርስባት ስልሳ ሞልታለች። ኋላ ነፋስና ጭቃም ተጨመሩላት።

«አልቢ፣ ባለፈው ሳምንት እኮ ሃምሳ ነበረች» ይለዋል ዴስ፣ ባለመጠጥ ቤቱ።

«አንተ ቢራህን ቅዳ። ፕሮፌሰሩ ይመስክር።»

«እኔ ያኔ የአራት ዓመት ልጅ ነበርኩ።»

«አላየህማ። ያላየ ደግሞ መካድ አይችልም።»

እንዲህ አድርጎ የረታኝ ተማሪ አላጋጠመኝም።

በየመጋቢቱ ስለዚህችው ጎል ለክለቡ ኮሚቴ ደብዳቤ ይጽፋል። ሐውልት የሚለምን መስሎን ሳቅንበት። እጁ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ጸሐፊው እኔ ሆንኩ።

«ጻፍ፣ ፕሮፌሰር። ጎሏን ሰርዙልኝ።»

«ምን አልክ?»

«ጣት ነክቷታል። የተከላካያቸው የዋል ሃንራሃን ጣት። የተነካች ኳስ አንድ ነጥብ ብቻ ናት፤ ይህን ሕፃንም ያውቃል። ዳኛው ሰባ ያለፈው ሽማግሌ ነበር፤ ዓይን ያላቸው ዘምተዋል። ዋል ‹ነክቻታለሁ› ሲል ሰማሁት። ሰምቼ ዝም አልኩ።»

«ታዲያ እሱ ለምን አልከሰሰም?»

«በሳምንቱ ዘመተ። በዚያው ቀረ።»

«ስልሳ እርምጃዋስ?» አልኩት።

«እሷ እውነት ናት። እሷን እንዳትነካት።»

ያን ቀን ይህን ውሸታም ምን ያህል እንደምወደው አወቅሁ። በጥንቃቄ ጻፍኩለት፦ «ክቡራን ሆይ፣ አምስቱን ነጥብ ውሰዱና ለእኔ አንዷን ተዉልኝ። በመዝገቡ ጎን ዋል ሃንራሃን ነክቷት ነበር ተብሎ ይጻፍልኝ።»

ኮሚቴው አምስት ነጥብ ቢቀነስ ድሉ ሽንፈት እንደሚሆን አስልቶ፣ ላልተቋረጠ ድጋፉ አመስግኖ የክለቡን የአንገት ልብስ ላከለት። አልቢ ከሞተ ዓመታት አለፉ፤ መዝገቡ ዛሬም ጎል ይላል።