አዳምጤን ያደለቡት ጎረቤት

ከብት የሚያደልብ ሰው ዓለምን ለሁለት ይከፍላታል፤ የደለበና ገና ያልደለበ። ሦስተኛ ነገር የለም። የቢቸናው ክቡር አቶ አለበል በዚህ ክፍፍል ሠላሳ ዓመት ኖረዋል። በሬ ሲያዩ በሻኛው፣ በግ ሲያዩ በላቱ፣ ሙሽራ ሲያዩ ደግሞ... ይቅር፣ ባለቤታቸው እሜቴ አምሳለች ይሰማሉ።

መኖ የሚመርጡት በጥርሳቸው ነው። ፋጉሎውን ቆርጠም፣ ፉርሽካውን ቃም አድርገው ዐይናቸውን ይጨፍናሉ። ገበያተኛው ቆሞ ፍርድ ይጠብቃል። «ይኼ ያወፍራል» ካሉ አለቀ።

የጎረቤታቸው የመምህርት ይርጋነሽ ጭንቅ የጀመረው ጥንቸሏ አዳምጤ የተኮላሸ መሆኑን እሳቸው የሰሙ ዕለት ነው። (ስሙን ያወጣለት ጆሮው ነው።)

«ተኮላሽቶ እንዲህ ይከሳል? ሙክት እኮ ነው! ሰፈሩን ልታሰድቢ ነው?»

«ጋሼ፣ አይታረድ፣ አይሸጥ፤ ውፍረት ምን ያደርግለታል?»

«ክብር ነዋ!»

ባሕር ዳር ያለችው እህቷ የትናየት የእንስሳት ሐኪም ናት። «የተኮላሸ ጥንቸል ቶሎ ይወፍራል። ድርቆሽ እንዳሻው ይብላ፤ እንክብል መኖው ግን አሰር የበዛበት፣ ቅባቱ ያነሰ ይሁን፤ እሱም በትንሹ» ብላ አንድ ከረጢት ላከች። አቶ አለበል አንዷን ፍሬ ነክሰው እንትፍ አሉ። «ገለባ! በሬ ቢሆን ኖሮ ከሶሽ ነበር።»

ከዚያ ይርጋነሽ ለሦስት ቀን ሥልጠና ሞጣ ተጠራች። አዳምጤን የሚያስጠጋ ከእሳቸው በቀር አልተገኘም። ከረጢቱን ከፍታ አሳይታ፣ ሌላ እንዳይሰጡት አስምላቸው ሄደች።

ስትመለስ አዳምጤ ሆዱ ተነፍቶ ጥግ ይዟል። አይበላም። ከጠዋት ጀምሮ አንዲት በጠጥ አልጣለም። ከረጢቱ እንዳለ ነው።

«ጋሼ፣ ምን ሰጡት?»

አቶ አለበል መሬት መሬት አዩ። «ፋጉሎ። ባቄላም ጣል አድርጌበት... አፈርኩ ልጄ። ያንን ገለባ ለእንግዳ እንዴት ብዬ ላቅርብ?»

ለእህቷ ደወለች። «ሆዱን ቀስ አድርጋችሁ እሹለት፤ ውኃና ድርቆሽ ከአፉ አታርቁ» አለች የትናየት። «እስኪመሽ ካልጣለ ይዘሽው ነይ። ከደረሰልሽ።»

በሠላሳ ዓመት የማንንም ምክር ያልሰሙት ሰው መሬት ቁጭ አሉ። በሬ ጠልፎ የሚጥለው እጃቸው ያችን ሆድ እንደ ሕፃን ሆድ ያሻት ጀመር። «ጣል እንጂ ወንድሜ። ምን አደረግሁህ?» ድርቆሹን ወደ አፉ አስጠግተው፣ «አውቃለሁ ያደረግሁህን።»

እሜቴ አምሳለች ምሳ ይዘው መጡ፤ መለሷቸው። ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። ዐሥር ሆነ። ይርጋነሽ ልክ ልካቸውን ልትነግራቸው ያሰናዳችው ንግግር ነበራት፤ የግንባራቸውን ላብ ስታይ ጠፋት።

ዐሥራ አንድ ሰዓት ሲል አንዲት ጥቁር ፍሬ ዱብ አለች።

«ጣለ!» አቶ አለበል በመዳፋቸው ይዘዋት ወጥተው ለአላፊ አግዳሚው ሁሉ አሳዩ። አዳምጤ ከኋላቸው ድርቆሹን ሳብ አደረገ።

አሁን አቶ አለበል በየጠዋቱ በአጥሩ ላይ ብቅ ይላሉ። እንክብሉ በቡና ሲኒ ይሰፈራል፤ ግማሽ ብቻ። «ሞላሽው! ልትገድይው ነው? መልሺ!» ይጮኻሉ። ይርጋነሽም ትርፉን ወደ ከረጢቱ ትመልሳለች።

ልኩ ጠፍቷት አይደለም። አንድ ጠዋት በልኩ ሰፍራ ነበር፤ አይተው ምንም ሳይሉ ገቡ፤ ግቢው ጭር አለባት። ከዚያን ቀን ወዲህ ሲኒዋን እስከ አፏ ትሞላለች።