«ፖንደር» ያደረገው መሥሪያ ቤት

ጥበብ ወደ ወረዳችን የወረደችው በደብዳቤ ነው። የወጪ ቁጥር ነበራት፣ ቀን ነበራት፣ በግርጌዋም ክብ ማኅተም አርፎባት ነበር። ላፍቶ ካሉት መሥሪያ ቤቶች ሁሉ እኛን መርጣ መምጣቷ ለአገልግሎት ያለንን ፍቅር ያሳያል።

ቃለ ጉባኤ ያዥ ነኝና ሁሉንም ከመጀመሪያው አይቻለሁ። ኃላፊያችን አቶ ከበበው ደብዳቤውን ቆመው አነበቡልን፦ «የአገልግሎት አሰጣጣችሁን በተመለከተ ፖንደር አድርጋችሁ ውጤቱን እንድታሳውቁ።» ቃሉ ላይ ሲደርሱ ድምፃቸው ወረደ። መነጽራቸውን አወለቁ፣ ወለወሉ፣ መልሰው አደረጉ። ቃሉ አሁንም እዚያው ነበር።

«ግልጽ ያልሆነለት አለ?» አሉ።

ማን ሊኖር! በእኛ ቤት ሥራ አለማወቅ ቢበዛ ያስመክራል፤ እንግሊዝኛ አለማወቅ ግን ያዋርዳል። ዝም አይነቅዝም ብለን ዝም አልን። ከጠረጴዛው ሥር ግን አሥራ አራት ስልኮች በሩ። ሁሉም ያው መልስ ሰጡ፦ በጸጥታ፣ በጥልቀት ማሰብ።

ይህን ጮክ ብሎ የተናገረው የሥልጠና ባለሙያው ሚሳኤል ብቻ ነው። የተናገረውም ሊያስተባብለው ነው።

«ማሰብ ነው የሚሉ አሉ» አለ። «ማሰብ ቢሆን ኖሮ ማሰብ ብለው ይጽፉልን ነበር። ማሰብ እኮ ሰው በግሉም ያደርገዋል። ይሄ በደብዳቤ ነው የመጣው!»

ተጨበጨበ። ወዲያው ግብረ ኃይል ተቋቋመ፣ ዕቅድ ወጣ፣ በየበሩም «ፖንደር ላይ ስለሆንን ጸጥታ ይከበር» የሚል ተለጠፈ። የተፈጸመ ጉዳይ ሁሉ በቂ ፖንደር ያልተደረገበት ጉዳይ ነው ተብሎም ምንም ነገር እንዳይፈጸም በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። የመጀመሪያው ሳምንት አፈጻጸም መቶ አሥራ ሁለት በመቶ ሆነ። አሥራ ሁለቱ ከምሳ ሰዓት የተገኘ ነው።

ይህን ታላቅ ሥራ ልታደናቅፍ የመጣች አንዲት ሴት ብቻ ናት። ገላኔ ኮርሳ ትባላለች፤ ሀይሌ ጋርመንት አካባቢ ወተት ትሸጣለች። አያቷ መሥሪያ ቤታችን የቆመበት መሬት ላይ ጤፍ ይዘሩ ነበር። የወረዳችን ነዋሪ ስለመሆኗ ማረጋገጫ ትፈልጋለች።

«ልጄን ሴናን አንደኛ ክፍል ላስመዘግብ ነው፣ ወንድሜ። ያለዚህ ወረቀት አንቀበልም ብለውኛል። ምዝገባው የሚመጣው ሳምንት ዓርብ ያበቃል።»

«እህቴ፣ ጉዳይሽ ፖንደር ላይ ነው» አላት ሚሳኤል።

«ፋይሉ ጠፋ?»

«ኧረ አልጠፋም፤ ይኸው እያየሁት ነው።»

«እያየኸው ከሆነ ፈርምበታ!»

«ከፈረምኩበትማ ምኑን ፖንደር አደረግኩት?»

ገላኔ ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ተቀመጠች። በማግስቱም መጣች፣ በሠልስቱም። ጠዋት ወተቷን አድርሳ ትመጣለች፣ ስንዘጋ ትሄዳለች። ዘጠኝ የሥራ ቀን እንዲህ አለፈ።

ምዝገባው በሚያበቃበት ዓርብ ጠዋት ከበላይ አካል ሁለት ገምጋሚዎች መጡ። የፖንደር አፈጻጸማችንን በአካል ሊያዩ ነው። የመጀመሪያውን በር ሲከፍቱ ሚሳኤል ስልኩ ላይ ኳስ ያያል። የአቶ ከበበውን በር መክፈት አላስፈለገም፤ እጅግ ጥልቅ ቦታ ደርሰው ኖሮ ማንኮራፋታቸው ኮሪደር ድረስ ይሰማል። መመዘኛው ግን ጸጥታ ስለሚል ነጥብ አላገኙም። ገምጋሚዎቹ አዝነው ሊመለሱ ሲሉ አግዳሚው ላይ ገላኔን አዩ። እጇን ጉንጯ ላይ አድርጋ ግድግዳውን ታያለች።

«ይቺ ማን ናት?»

«ባለጉዳይ ናት» አልኩ።

«እንዲህ ከሆነች ስንት ጊዜዋ ነው?»

«ዘጠኝ ቀን።»

ተያዩ። «እንከን የለሽ!» አለ አንደኛው።

ለገላኔ የሚሸለመው የምስክር ወረቀት በስድስት ደቂቃ ውስጥ ተጻፈ፣ ታተመ፣ ተፈረመ። ሰዓት ይዤ ነበር። «ወ/ሮ ገላኔ ኮርሳ፣ የወረዳችን ነዋሪ፣ የቤት ቁጥር 318፣ ላሳዩት አርአያነት ያለው ፖንደር» ይላል። አቶ ከበበው ተቀስቅሰው ሳያነቡ ፈረሙ፤ ፎቶ ተነሡ፤ የሕዝብ ተሳትፎ ያለውን ቦታ የሚመለከት ንግግርም አደረጉ።

«ማረጋገጫዬስ?» አለች ገላኔ።

«እሱ ገና ነው፤ አትቸኩይ» አሏት አቶ ከበበው።

ዕንባዋ መጣ። እኔም፣ እውነቱን ልናገርና፣ አፈርኩ። ከጎኗ ሆኜ ትምህርት ቤት ድረስ ሄድኩ፤ ቢያንስ አብሬ ልለምንላት ብዬ። መዝጋቢዋ ወይዘሮ ወርቅዬ የምስክር ወረቀቱን ተቀበለች።

«ነዋሪ ይላል። የቤት ቁጥር አለው። ማኅተም አለው። ይበቃል» አለችና የሴናን ስም መዝገቡ ላይ ጻፈች። ከዚያ ቀና ብላ ያለ ምንም ሀፍረት ጠየቀች። በወረዳው የመጀመሪያዋ መሆኗ ነው።

«ፖንደር ግን ምንድነው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ?» አለች ገላኔ። «ዘጠኝ ቀን ቁጭ ብዬ አንድ ነገር ብቻ ነው ሳወጣ ሳወርድ የከረምኩት።»

«ምን?»

«ይሄ ሁሉ ሰው ደመወዝ የሚከፈለው ምን ስለሚሠራ ነው እያልኩ።»

ወይዘሮ ወርቅዬ ሳቀች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«እርስዎስ የት ነው የሚሠሩት?»

የመሥሪያ ቤቴን ባጅ ከአንገቴ አውልቄ ኪሴ ከተትኩ።

«እስቲ ላስብበት» አልኳት።