በቅሎዋ ዳገቱን እስክትወጣ

በሲሲሊ ምድር ያለ ነቃፊ ከዳር የደረሰ ዘፈን የለም። በየመንደሩ አንድ ሽማግሌ አይጠፋም፤ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አኑሮ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጥና ልክ ዘፋኙን ደስ ሲለው "እንዲህ አይደለም" ይላል። የእኛ መንደር ባለ ሥልጣን ክቡርነታቸው አጎት ካሎጄሮ ናቸው፤ አርባ ዓመት በበቅሎ ጋሪ ወይንና ድኝ ሲያመላልሱ የኖሩ ሰው።

ክቡርነታቸው ሠርግ ላይ ሙሽሮቹን ከጭፈራ አስቁመው ዜማ አርመዋል። በስቅለት ዕለት ቄሱን አርመዋል። ፀጉር አስተካካዩ ቤት ደግሞ ግማሽ ጢማቸው እንደተላጨ ተነሥተው ከሬዲዮው ጋር ተከራክረዋል፤ አልታረም ቢላቸው ዘጉት።

እኔና ቪቶ ግን የዕለት እንጀራቸው ነበርን። ቅዳሜ ቅዳሜ ባሕር ዳር ባለው ሆቴል ቀይ መቀነት ታጥቀን ለጀርመን ጎብኚዎች እንጫወታለን፤ እኔ ጊታር ይዤ እዘፍናለሁ፣ ቪቶ በጥርሱ የሚይዛትን ትንሽ የብረት ዜማ መሣሪያ በጣቱ እየነካካ ያናግራታል። የጋሪ ነጂዎች ዘፈን በአንደኛውና በሁለተኛው ስንኝ መካከል ረጅም ዝምታ አለው። እኛ ቆረጥነው።

"ዝምታውን የት ጣላችሁት?" አሉን አንድ ቅዳሜ፣ በእንግዳው ሁሉ ፊት።

"አጎት ካሎጄሮ፣ ያለቀ እየመሰላቸው ያጨበጭባሉ እኮ" አልኳቸው።

"ያጨብጭቡ። በቅሎዋ ዳገት ላይ እያለች ማን ይዘፍናል? ትንፋሿን ነው የምትሰማው። ጫፍ ስትደርስ ራሷ ትነግርሃለች።"

"በቅሎዋ ከሞተች ሃያ ዓመቷ ነው" አለ ቪቶ።

"እሱ ለእናንተ ነው" አሉና ዓይናቸውን ጨፈኑ። እኔም ሳልወድ በሐሳብ ከእሳቸው ጋር ሄድኩ፤ ነጭ አቧራማ መንገድ፣ ያበበ የለውዝ ዛፍ፣ ቀስ ብሎ የሚንቋቋ የጋሪ መንኮራኩር ታየኝ። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ የሆቴሉ ሥራ አስኪያጅ ቢሰማ ያባርረኛል።

በዚህ ጸደይ ክቡርነታቸው ታመው ተኙ። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ዘጠኝ ቀን አንዲት ቃል አልተነፈሱም።

"ሐኪሙ በሽታው ለቋቸዋል ይላል" አለችኝ ልጃቸው ኑንሲያ፣ ዓይኗ አብጦ። "የቀረው እሳቸው መኖር መፈለጋቸው ነው። ግን አይበሉ፣ አይናገሩ።"

በማግስቱ ከቀትር በኋላ፣ መንደሩ መስኮቱን ዘግቶ በሚተኛበትና ድምፅ ማሰማት ነውር በሆነበት ሰዓት፣ እኔና ቪቶ መስኮታቸው ሥር ቆምን። ፀሐዩ ድንጋዩን አግሎት፣ ሁሉም ነገር በእንቅልፍ ልብ የሚታይ ይመስል ነበር። የመጀመሪያውን ስንኝ ዘፈንኩ። ከዚያ ሆን ብዬ፣ ትንፋሽ እንኳ ሳልወስድ፣ ወደ ሁለተኛው ዘለልኩ።

ከላይ አልጋ ተንቋቋ።

"እንዲህ አይደለም" አለ የሻከረ ድምፅ። "ቆይ፣ አንተ ደንቆሮ። ገና ዳገቱ ላይ ናት።"

ዝም አልን። በተዘጋው መስኮት ውስጥ ትንፋሻቸው ይሰማል፤ ከባድ ነው፣ ግን አይቋረጥም። ቪቶ እንቀጥል ወይ በሚል ዓይን አየኝ፤ ራሴን ነቅንቄ ከለከልኩት። በሕይወቴ እንደዚያ ሰዓት የሰው ነቀፋ ጣፍጦኝ አያውቅም።

ብዙ ቆየን። ከዚያ ሁለተኛውን ስንኝ እሳቸው ጀመሩት።