የኤልካና ታ እና የወይዘሪት ስትራውድ ጣ

ሕያዋንን ማረም ሲሰለቸው ወደ ሙታን የሚዞር ሰው የሌለበት ከተማ ካለ ንገሩኝ፤ ዛሬውኑ ጓዜን ጠቅልዬ እገባለሁ። የእኛዋ ዊሎ ፎርድ ግን ክብርት ወይዘሪት ፊሊና ስትራውድ አሉላት።

ክብርትነታቸው የከተማውን ልጆች ሁሉ ሰዋስው ያስተማሩ፣ ጡረታ ከወጡም በኋላ ቀይ እርሳሳቸውን ያላስቀመጡ ሴት ናቸው። የቤተ ክርስቲያኑን የመዝሙር ወረቀት ያርማሉ። የምግብ ቤቱን ሜኑ ያርማሉ፤ አንድ ቀን የኬኩን ስም አርመው ኬኩን ሳያዙ ወጥተዋል። ጎረቤቴ ሃርላን ሚስቱ ሞታበት ላጽናኑት ሁሉ የምስጋና ካርድ ቢልክ፣ የእሳቸው ብቻ ቀልቶ ተመለሰለት። ከታች «ሐዘን ሰዋስው አያስረሳም፣ ሃርላን» ይላል። እኔንማ ተዉኝ! ይህን ዓምድ በየሳምንቱ ከጋዜጣው ቆርጠው፣ አርመው በፖስታ ይልኩልኛል። ስልሳ ዓመት አልፎኛል፣ የልጅ ልጅ አይቻለሁ፤ ዛሬም ከመቶ ያገኘሁት ውጤት ከላይ ተጽፎበት ይመጣል።

ይህን ሁሉ ችዬ ኖርኩ። ያልቻልኩት ኤልካናን ሲነኩብኝ ነው።

ኤልካና ሃስኬት የአያቴ አያት ነው። የአሜሪካ ሰሜንና ደቡብ እርስ በርስ በተዋጉ ጊዜ ከበቆሎ ማሳው ተነስቶ ዘመተ፣ ቺካማውጋ የተባለ የጦር ሜዳ ላይ ወድቆ ቀረ። ለሚስቱ ለሮዳ የጻፋቸው ደብዳቤዎች በቤታችን ከመጽሐፍ ቅዱስ ቀጥለው የሚከበሩ ናቸው። ወረቀት ስለሚያጥረው ገጹን ሞልቶ ሲጨርስ ያዞርና በላዩ ላይ አግድም ይጽፍበታል። ደግሞ ጣ የምትባል ፊደል አያውቅም። «የድንኳናችን ታራ ያፈሳል» ይላል። «ስጋው ትል አለው፣ አይታፍጥም።» «ይህ ጦርነት ማለቂያ የሌለው ታታ ነው።» ጄኔራሎቹ በማስታወሻቸው ስለ ድል ጻፉ፣ ጋዜጦቹ ስለ ክብር ጻፉ፤ ኤልካና ስለሚያፈስ ድንኳን ጻፈና ላሟ ወልዳ እንደሆነ ጠየቀ። እኔ ያንን ዘመን ያየሁት በዚያ ቀዳዳ ነው።

የመጨረሻው ደብዳቤ እንዲህ ያልቃል፦ «ሮዳዬ፣ አታስቢ። ለመከሩ እመታለሁ።»

አያቴ በየገናው ለተሰበሰበው ቤተሰብ ስታነብ፣ እዚህች ላይ ስትደርስ ወረቀቱን ታጥፍ ነበር። «አየህ፣ እንደሚመታ ያውቅ ነበር» ትለኛለች። «አውቆ ነው የተሰናበታት።» ሌላው ቤተሰብ ጄኔራል አለው፣ ዳኛ አለው፤ እኛ ሃስኬቶች ሞቱን ቀድሞ ያወቀ ገበሬ አለን። ሌላ የምንኮራበት ነገር የለንም።

ዘንድሮ የታሪክ ማኅበሩ የዚያን ዘመን ደብዳቤዎች፣ የዕለት ማስታወሻዎችና ጋዜጦች ሰብስቦ በመጽሐፍ ላሳትም አለ። እኔም ደብዳቤዎቹን በእጄ ወስጄ ሰጠሁ። ጽሑፉን አንባቢ እንዲያየው የማዘጋጀቱ ሥራ ለማን ተሰጠ? ለማን ይሰጣል!

ረቂቁ ቢሮዬ የመጣ ዕለት ገለጥ ባደርግ «የድንኳናችን ጣሪያ ውሃ ያስገባል» ይላል። ትሉ የለም፤ ስጋው «ንጽሕናው የተጓደለ» ሆኗል። አንድ ሻምበል በጻፈው የዕለት ማስታወሻ ላይ ያለው ስድብ ተጠራርጎ ወጥቷል። የድሮው ጋዜጣ «ጀግናው ወደቀ» ባለበት ጎን «የትኛው ጀግና? ስም ይጠቀስ» የሚል ቀይ ጽሑፍ አለ። ገጹን እየገለበጥኩ ወደ መጨረሻው ደብዳቤ ሄድኩ። «ለመከሩ እመጣለሁ» ይላል።

ደሜ ፈላ። ኮቴን እንኳ ሳልደርብ ቤታቸው ሄጄ በሩን ደበደብኩት።

«ወይዘሪት ስትራውድ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ረቂቅ ነው። ጫማህን ጥረግ።»

«አያቴን ገደሉት እኮ!»

«የአያትህን አያት። እሱም ቢሆን ሞቶ ነው እጄ የገባው።»

«እመታለሁ ነው ያለው! እመታለሁ! የሰውየውን አፍ ቀምተው የእርስዎን አፍ ገጠሙለት! ጭቃ ውስጥ ተኝቶ፣ ተርቦ፣ ተቀምሎ የጻፈውን የትምህርት ቤት ድርሰት አደረጉት! ኧረ በሕግ፣ ሰው ሞቶ እንኳ ከእርስዎ እርሳስ አያርፍም?»

ጎረቤቶች በመስኮት ማየት ጀመሩ። ይዩ፤ ምን ገዶኝ።

እሳቸው ጫማዬን እስክጠርግ ጠበቁ። ከዚያ ደብዳቤዎቹን አምጥተው ጠረጴዛው ላይ ዘረጉና «አንብብ» አሉኝ፣ ልክ ሰባተኛ ክፍል እያለሁ እንደሚሉኝ።

«ታራ።»

«ቀጥል።»

«አይታፍጥም።»

«ቀጥል።»

«ታታ።»

«ይሄ ሰው በዕድሜው አንዲት ጣ ጽፎ ያውቃል?»

ደብዳቤዎቹን አንድ በአንድ ገለበጥኩ፤ አንዲት ጣ የለችም።

«ሰውየው ለሚስቱ እመጣለሁ ነው ያላት፣ ቨርነን። ሮዳም እንደዚያው ነው ያነበበችው፤ የሱን ታ ከእናንተ በላይ ታውቃለች። እናንተ ናችሁ ሳይሞት የገደላችሁት፤ ያውም በየገናው እየተሰበሰባችሁ። እሱ እኮ ወደ ቤቱ ሊመጣ ነበር።» መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። «በል እርሳሴን አቀብለኝ።»

ስመጣ ከነበርኩት ብሼ ተመለስኩ። ሰው ከተሸነፈበት ክርክር በላይ የሚያናድደው የለም። ማታውን ደውዬ «ታራውም ይመለስ፣ ትሉም ይመለስ፣ ሁሉም ልክ እሱ እንደጻፈው ይታተም!» ብዬ ጮህኩባቸው። ተስማሙ፤ ግን ከመጨረሻው ደብዳቤ ግርጌ «ሊል የፈለገው እመጣለሁ ነው» የሚል ማስታወሻ ካልገባ አሉ። ስልኩን ጆሯቸው ላይ ዘጋሁት። ማስታወሻውን ግን አስገባሁ።

ያለፈው ሳምንት ዓምዴ እንደ ወትሮው ቀልቶ መጣ። ሰባ አንድ ከመቶ። ከታች ጥቂት መስመር ተጽፎበታል፦ «ቨርነን፣ ኮሎምበስ ከተማ ሆስፒታል ወስደው ልቤን ሊከፍቱት ነው። እኔ በሌለሁበት ረቂቁን ማንም እንዳይነካካው። ለመከሩ እመታለሁ።»

በስህተት እንዳይመስላችሁ። እኚህ ሴትዮ በስህተት ነጥብ እንኳ ጥለው አያውቁም። «በዚህ ይቀለዳል?» ብዬ ብቻዬን ጮህኩ። ጸሐፊያችን ደንግጣ ብቅ አለች፤ በእሷም ላይ ጮህኩባት።

ከዚያ ቀይ እርሳስ ተበደርኩና ታዋን ሰርዤ በላይዋ ላይ ጣ ጻፍኩ። ከአናቱ «ዘጠና ዘጠኝ ከመቶ» አልኩ፤ ከሥሩ ደግሞ «አንዷን ነጥብ መጥተው ይውሰዷት» ብዬ በሆስፒታሉ አድራሻ ላክሁላቸው።