«የባለቤት ስም» የሚለው መስመር

ቅጽ አስተካክሎ የሚሞላ ሰው ገና አልተወለደም። «እኔ አለሁ» የምትል ከሆነ እስቲ እጅህን አውጣ... አየህ፣ «ቀኙን ነው ግራውን?» ብለህ አመነታህ። ቅጽ የሚባል ነገር ሰውን እንዲህ ነው የሚያደርገው።

ይህን የሚነግርህ ደግሞ ተራ ሰው እንዳይመስልህ። በጃንሆይ ዘመን መቱ ከተማ ውስጥ የመንግሥት ጸሐፊ ነበርኩ። ማመልከቻ የሚያስጽፍ፣ አቤቱታ የሚያስቃና ሁሉ ደጄን ይጠናል። ነጠላ ሰረዙ ያለቦታው የወደቀ ደብዳቤ ካየሁ ምሳ አይወርድልኝም ነበር። ኩራቴን እንግዲህ አንተው ገምተው።

ባለቤቴ ጫልቱ ከሁሩሙ ማር እያመጣች መቱ ገበያ ትሸጣለች። አባቷ ኦቦ ዲንሳ ቦታ ሰጡን፣ ግድግዳ አቆምን፣ ጭቃ መረግን፤ ልክ ጣሪያው ላይ ስንደርስ ገንዘባችን አለቀ። ኢሉባቦርን የምታውቅ ከሆነ ጣሪያ የሌለው የጭቃ ግድግዳ ምን እንደሚጠብቀው ይገባሃል። እዚያ አገር ሰማዩ ለመዝነብ ሰበብ አይፈልግም። በጋው ሊወጣ ጥቂት ሳምንት ቀርቶታል፤ እስከዚያ ቆርቆሮ ካልመታንበት ቤታችን ተመልሶ ጭቃ መሆኑ ነው። ጫልቱ በየማለዳው ከቤት ወጥታ ደመናውን ታያለች፣ ከዚያ ተመልሳ እኔን ታያለች።

በዚያን ጊዜ ቤት አስይዞ የሚያበድር መሥሪያ ቤት ጎሬ ነበር። ቅጹን አስመጣሁና ብዕሬን አሹዬ ተቀመጥኩ። የአመልካች ስም ይላል፣ ስሜን ጻፍኩ። ሥራ ይላል፣ ጸሐፊ አልኩ። ቀጥሎ «የባለቤት ስም» ይላል። ምን ልጻፍ? አንተ ብትሆን የጎረቤትህን ሚስት ስም ትጽፍ ነበር? ጥርት ባለ የእጅ ጽሑፍ «ወይዘሮ ጫልቱ ዲንሳ» ብዬ አሰፈርኩ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ መልሱ መጣ። «አመልካቹ ባለቤት አለመሆናቸው ከሞሉት ቅጽ ስለተረጋገጠ ብድሩ አልተፈቀደም።»

ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ደሜ ፈላ።

«ጫልቱ፣ እኔን ባልሽ አይደለም እያሉ ነው።»

«እነማን?»

«ጎሬዎች።»

«እነሱን ምን አገባቸው?»

«በሽማግሌ ስለተጋባን ነዋ። ወረቀት የለንም።»

ደብዳቤውን ድጋሚ አስነበበችኝና ትንሽ አሰበች። «አንተ የጠየቅከው ስለ ቤት ነው። እነሱ ስለ እኔ እንዴት ይመልሱልሃል?»

«አማርኛውን ለእኔ ተዪው» አልኳት። ይህችን አንዲት ዐረፍተ ነገር ባልናገራት ኖሮ ዛሬ የተከበርኩ ሰው ነበርኩ።

በቃ፣ ባልነቴን ላስመሰክር ቆርጬ ተነሳሁ። የሠርጋችንን ፎቶግራፍ ከተከራየነው ቤት ግድግዳ አወረድኩ። አማቴን ኦቦ ዲንሳን አንደኛ ምስክር አደረግኩ። ሁለተኛው ቆርቆሮ ነጋዴው ሐጂ ሱሌማን ናቸው፤ ሠርጋችን ላይ ተገኝተዋል፣ ቆርቆሮውንም ለእኛ ብለው ለይተው አስቀምጠዋል፣ ስለዚህ ለጉዳዩ ከእኔ እኩል ይጨነቃሉ። ጫልቱ «እኔም እመጣለሁ» አለች። ቡና ጭኖ በሚሄድ የጭነት መኪና ላይ፣ ከጆንያው በላይ ተሳፍረን ጎሬ ገባን። ከኋላችን በመቱ በኩል ሰማዩ ጠቁሯል።

የብድር ክፍሉ ሹም አቶ ጥላሁን የሚባሉ መነጽር ያደረጉ ቁጥብ ሰው ናቸው።

«ባለቤት መሆኔን ላስመሰክር ነው የመጣሁት» አልኳቸው።

«መልካም፣ ምስክር ካለዎት ይቅረብ» አሉና ቀለማቸውን ነከሩ። መጀመሪያ ወደ ኦቦ ዲንሳ ዞሩ። «እኚህ ሰው ባለቤት ስለመሆናቸው ምን ያውቃሉ?»

«ምን አውቃለሁ ይሉኛል እንዴ፤ የሰጠሁት እኔ ነኝ።»

«በሽያጭ ነው በስጦታ?»

አማቴ ቅር አላቸው። «ሽያጭ ምን ማለት ነው? በደስታ ነው የሰጠሁት። አንድ ጋቢና አንዲት ጊደር አምጥቷል፣ እሱ ወግ ነው።»

አቶ ጥላሁን «ስጦታ» ብለው ጻፉ። «ከዚያ በፊት ሌላ ባለቤት ነበር?»

«ኧረ ምን ሲደረግ!» አሉ ኦቦ ዲንሳ ከወንበራቸው ብድግ ብለው። «መጥተው ያዩ አሉ። አይተው ሄዱ እንጂ ሌላ ነገር የለም።»

ጫልቱ አባቷን በክርኗ ጎሸም አደረገቻቸው። እኔ ግን ነገሩ ስለሰመረልኝ ልቤ ሞልቷል። ሹሙ ወደ ሐጂ ሱሌማን ዞሩ።

«አያያዛቸውስ እንዴት ነው? ይንከባከባሉ?»

«ወላሂ ደህና ይይዛታል» አሉ ሐጂ። «አልፎ አልፎ ድምፁ ከፍ ይላል እንጂ።»

«የእሳቸው ድምፅ ለዚህ ምን ያደርጋል? ይልቅ ጣሪያው እንዴት ነው?»

ሐጂ ግራ ገባቸው። ዞር ብለው የጫልቱን ራስ አዩ። «ሻሽ ታስራለች» አሉ።

ብዕሩ ቆመ። አቶ ጥላሁን መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ።

«ስለ ማን ነው የምንነጋገረው?»

«ስለ ባለቤቴ» አልኩና ፎቶግራፉን ዘረጋሁላቸው።

ሰውዬው ፎቶውን አዩ፣ ጫልቱን አዩ፣ ከመሳቢያቸው ቅጼን አወጡ። «ጌታዬ፣ እዚህ ቅጽ ላይ የቤቱ ባለቤት ማን ነው ነው የተባሉት። እርስዎ ወይዘሮ ጫልቱ ዲንሳ ብለው ሞሉ። በሰው ቤት ብድር እንዴት ልስጥዎ?»

መጀመሪያ የሳቀችው ጫልቱ ናት። ቀጥሎ ኦቦ ዲንሳ፣ ቀጥሎ ሐጂ፤ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። እኔ... እኔ የመሥሪያ ቤቱን ጣሪያ ማገር ስቆጥር ቆየሁ። ማፈር እንደዚያ ቀን ማፈር ነው። ማመልከቻ እያቃናሁ ያሳቀቅኳቸው ሰዎች ሁሉ አንድ በአንድ ፊቴ ድቅን አሉ።

«ይሰረዝና ስሜ ይግባ» አልኩ።

«መዝገብ ላይ ሰፍሯል። ለማረም አዲስ አበባ ሄዶ ይመለሳል፤ መቼም እስከ መስከረም...»

መስከረም! ያኔ እንኳን ግድግዳው፣ የቆመበት ቦታም አይታወቅ። ሳቁ ቆመ። ኦቦ ዲንሳ ወደ መስኮቱ ሄደው ሰማዩን አዩ። ያን ጊዜ ጫልቱ ሻሿን አስተካክላ ወደ ጠረጴዛው ጠጋ አለች።

«ጌታው፣ ባለቤቱ ራሱ ቢያመለክትስ?»

«ባለቤቱ ካመለከተማ ምን ችግር አለው።»

«እንግዲያው እኔ አመልክቻለሁ።»

አቶ ጥላሁን ኦቦ ዲንሳን ተመለከቱ። «ቦታውን የሰጡት ለማን ነው?»

«ለልጄ ነዋ» አሉ አማቴ። «ለሌላ ለማን እሰጣለሁ?»

እኔ ላይ ዓይናቸውን እንኳ አላሳረፉም። ያ ሁሉ የጋቢና የጊደር ምስክርነት ዞሮ ዞሮ ለጫልቱ ሆነ። አዲስ ቅጽ ቀረበ፤ ብዕሬን ሳወጣ ጫልቱ እጄን ያዝ አደረገችና ሹሙ ራሳቸው እንዲሞሉላት ለመነች። እያነበቡ ሞሉ።

«የባለቤት ስም?»

«ጫልቱ ዲንሳ።»

«እኚህ ሰውስ?»

«እሱ ባሌ ነው።»

ብድሩ ተፈቀደ። ቆርቆሮው የተመታው ዝናቡ ሊገባ ሦስት ቀን ሲቀረው ነው። የመጀመሪያው ዝናብ ጣሪያው ላይ ሲደልቅ ጫልቱ ጉንጬን ሳመችኝ፤ እውነቴን ነው፣ ውስጤ ቂም አልቀረም።

ችግሩ በሳምንቱ ነው የመጣው። የማዘጋጃ ቤት ሰው በሩን አንኳኳና «ባለቤቱ አሉ?» አለኝ።

«የለችም፤ ሁሩሙ ገበያ ሄዳለች።»

«እርስዎስ ምን ነዎት?»

«እኔ ባል ነኝ» አልኩት። «ባለቤት ከሚለው ላይ ቤቱ ሲወሰድ የሚቀረው።»