የጋሽ አህመድ ውሃ ማሞቂያ

ዕቃው ለቤቱ መስማማቱን ሳያጣራ የማይገጥም ሰው አታውቁም? በደርግ ጊዜ አሰበ ተፈሪ ላይ ጎረቤቴ የነበሩት ጋሽ አህመድ እንደዚያ ነበሩ። ከድሬዳዋ ያመጡት ማሞቂያ በርሜል የለውም፤ ውሃው እየፈሰሰ ሳለ ነው በኤሌክትሪክ የሚያሞቀው። የቧንቧውን ግፊት አስለኩ፣ ሽቦውን አስመረመሩ። እኛን ግን ማን ጠየቀን?

ንጋት ላይ ሲከፍቱት የቀበሌያችን አምፖል ሁሉ ደበዘዘ። “ጋሽ አህመድ እየታጠቡ ነው” ተባባልን። አዲስ ሙሽራ ነበሩ፤ ከሚስቱ ጋር ያደረ ሙስሊም ደግሞ ገላውን ሳይታጠብ አይሰግድምና ነገሩ ሁላችንም ገባን።

በየማለዳው መስጊድ በር ላይ ሽማግሌዎቹ፣ “ማሻ አላህ! ዛሬም?” እያሉ ሲስቁባቸው ጋሽ አህመድ አፈሩና ማሞቂያውን ሊነቅሉ ተነሱ። ሚስታቸው ፋጡማ የመታጠቢያ ቤቱን በር ዘግታ ቆመች።

“ምን ያሳፍራል? ለእኛ ቤት ተስማምቷል። ያልተስማማው ጎረቤት ፋኖስ ይግዛ!”

እየሳቅን ገዛን።