ሊቀ ፍጻሜ ወርቁ እና የጎደሉት አሥራ ስድስት ገጾች

መጽሐፍ የሚወድ ሰው ሁሉ ሁለት ጠላት አለው። አንዱ የመብራት መጥፋት ነው፤ ሌላው መጨረሻውን ቀድሞ የሚነግረው ሰው። መብራቱ ውሎ አድሮም ቢሆን ይመጣል። የተነገረ መጨረሻ ግን አንዴ ጆሮ ከገባ የሚያወጣው ሐኪም የለም።

እንዲህ ያለ ሰው የሌለው ከተማ የለም። እናንተም ጋ አለ፤ ስሙን እያሰባችሁ እንደሆነ አውቃለሁ። በእኛ በመርሳ ይህን ከፍተኛ ኃላፊነት የተሸከሙት መናኸሪያው አጠገብ ጎሚስታ ያላቸው ክቡር ጋሽ ወርቁ ናቸው። እኔ በሆዴ «ሊቀ ፍጻሜ» ብዬ ሾሜያቸዋለሁ። ጎማ ሲጠግኑ እጃቸው አያርፍም፤ አፋቸውም እንደዚያው። ንግግራቸው ሁልጊዜ የሚጀምረው በአንድ ቃል ነው፦ «አልነግርህም እንጂ…»። ይህን ሰምቶ ጆሮውን ለመድፈን የደረሰ ሰው እስካሁን አላየሁም።

አብሮ አደጎቻቸው ሲያወሩ፣ በልጅነታቸው እንቆቅልሽ ሲጫወቱ «አገር ስጠኝ» ለማለት የታደለ ልጅ አልነበረም አሉ። ወርቁ መልሱን ቀድመው ይዘረግፉታል። የራሳቸውን እንቆቅልሽ ሲጠይቁ እንኳ መልሱን ያስቀድሙና ጥያቄውን ያስከትላሉ። ሠርግ ላይ የታሸገ ስጦታ ለሙሽሮቹ ሲበረከት «አልነግራችሁም እንጂ ብርድ ልብስ ነው» ብለው ለአዳራሹ አውጀዋል። ብርድ ልብስ ነበር።

አምና ደግሞ ከደሴ በመጣ አውቶቡስ አብረን ወደ ወልድያ ስንሄድ ስለ ጠፋ ልጅ የሚያወራ ፊልም ተከፍቶ ነበር። ተሳፋሪው ፀጥ ብሏል፤ ከፊታችን የተቀመጡ አንዲት እናት በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ይጠርጋሉ። ጋሽ ወርቁ ብድግ አሉ።

«አልነግራችሁም እንጂ ልጁ ይገኛል! አጎቱ ቤት ነው ያለው!»

«አባት፣ ወይ ይቀመጡ ወይ ይውረዱ!» አለ ረዳቱ።

ፊልሙ ሳያልቅ ወልድያ ደረስን። ሰው ሁሉ እያጉረመረመ ወረደ፤ እኔም አብሬ አጉረመረምኩ።

እኔ ሀብታሙ እባላለሁ፤ ሥራዬ የመጽሐፍ ጥረዛ ነው። ቴክኒክና ሙያ ገብቼ የተማርኩት ይህንኑ ነው። የመመረቂያ ጽሑፍ እጠርዛለሁ፤ የተገነጠለ መጽሐፍ እሰፋለሁ፤ ፎቶ ኮፒም አነሳለሁ። ትልቁ ደንበኛዬ ሂሩት ናት። ሂሩት መናኸሪያው በር ላይ ባለች ትንሽ ሱቋ መጽሐፍ ታከራያለች። የእሷ ቤት አንድ ደንብ አለው፦ አንብቦ የጨረሰ ሰው ከኋላ ባለው ባዶ ገጽ ላይ አስተያየቱን ጽፎ ይመልሳል። መጽሐፉን ትቶ አስተያየቱን ብቻ ቆሞ አንብቦ የሚሄድም አለ።

ታዲያ በዚህ ዓመት «ያላንኳኳው እንግዳ» የሚባል ልብ ወለድ መጣና ከተማውን ያዘው። ሽፋኑ ላይ «ሥነ ልቦናዊ የወንጀል ታሪክ» ይላል። ባሏ በተቆለፈ ክፍል ሞቶ የተገኘ ሴት አለች። ሐኪሙ፣ ታናሽ እህቷና የቤቱ ዘበኛ ይጠረጠራሉ። ሴትዮዋ ደግሞ የራሷን ትዝታ ማመን አቅቷታል። አሥራ አንድ ሰው ተከራየው፤ አስተያየቱም እንደ ተከራዩ ተለያየ።

መምህር ስዩም፦ «እጅግ ጥልቅ ሥራ። ደራሲው መጨረሻው ላይ ታሪኩን በመድገም የሴትዮዋን የአእምሮ መታወክ እንድንኖረው አድርጎናል።»

ኢሕሳን፣ ባለ ፋርማሲዋ፦ «ገጽ 140 ላይ የተጠቀሰው መድኃኒት በዚያ መጠን እንኳን ሰው ሊገድል ራስ ምታት አያስታግሥም።»

ዓሪፍ፣ ሾፌሩ፦ «ትንፋሼን ይዤ አነበብኩ። መጨረሻው አልገባኝም። በጣም ቆንጆ ነው።»

ጋሽ ወርቁም ጽፈዋል። እሳቸው የጻፉት ግን ከኋላ አይደለም፤ ከፊት፣ ከርዕሱ ሥር፣ ከግሪስ አሻራ ጋር፦ «ዶክተሩ ነው። ወርቁ።»

ሂሩት ይህን ያየች ቀን እንደ ሐምሌ ሰማይ ጠቆረች። እኔ፣ ኢሕሳንና መምህር ስዩም ሱቋ በር ላይ ነበርን።

«ጋሽ ወርቁ፣ አሁን ይሄን ማን ይከራየኛል?»

«ምን አጠፋሁ? ሰው እንዳይጨነቅ ብዬ ነው።»

«ወላሂ ዶክተሩ ሊሆን አይችልም» አለች ኢሕሳን። «በዚያ መድኃኒት በግ አይሞትም።»

መምህር ስዩም መነጽራቸውን አስተካከሉ። «እህቴ፣ እዚህ ላይ ማን ገደለ ተብሎ አይጠየቅም። ድግግሞሹ ራሱ…»

«ድግግሞሽ አላውቅም!» አሉ ጋሽ ወርቁ። «ዶክተሩ ነው አልኩ፣ ዶክተሩ ነው። ካልሆነ ከዛሬ ጀምሮ ስለ መጽሐፍም ስለ ፊልምም አፌን አልከፍትም። ከከፈትኩ ኮምፕረሰሬ ይፈንዳ!»

ጎማ መንፊያው ኮምፕረሰር እንጀራው ለሆነ ጎሚስታ ከዚህ የከበደ መሐላ የለም። «ሁላችሁም ምስክር ናችሁ» አለች ኢሕሳን፤ ደስታዋን ለመደበቅ አልሞከረችም።

በዚያው ሳምንት መጽሐፉ ጀርባው ተላቆ እኔ እጅ ገባ። ክሩን ፈትቼ እጥፋቶቹን አንድ በአንድ ደረደርኩ። መጽሐፍ ማለት፣ ለማታውቁት፣ እያንዳንዳቸው አሥራ ስድስት ገጽ የሆኑ እጥፋቶች ተደራርበው የተሰፉበት ነገር ነው። ቁጥር ሳልቆጥር አልሰፋም። 256፣ 272፣ 288… ቀጥሎ 289 መምጣት ሲገባው 257 መጣ። እንደገና ቆጠርኩ። የጠረዘው ሰው ከተሳሳተ ክምር አንስቶ፣ በመጨረሻው እጥፋት ቦታ ከቀደሙት አንዱን ደግሞ ሰፍቶታል። የመጨረሻው ገጽ ቁጥር 272 ነው።

ወንበሬ ላይ ቁጭ አልኩ። አሥራ አንድ ሰው የተከራከረበትን መጨረሻ አንድም ሰው አላነበበውም። ያልገባው ሁሉ፣ ያልገባኝ እኔ ብቻ ነኝ ብሎ አፍሮ ዝም ብሏል። ከሁሉ ደግሞ የከፋው፣ ሊቀ ፍጻሜ የሌለ ፍጻሜ ለከተማ ሲያድሉ ከርመዋል!

ደሴ ላለ የሙያ ጓደኛዬ ደወልኩ። ሙሉ ቅጂ አግኝቶ ከ289 እስከ 304 ያለውን ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም ላከልኝ። አተምኩት፣ አጠፍኩት፣ ሳላነብ ሰፋሁት። ሳላነብ መስፋት ቀላል እንዳይመስላችሁ።

ቅዳሜ ከሰዓት ሂሩት በር ላይ ተሰበሰብን። ጉዳዩን ስናገር መምህር ስዩም አንድ ጊዜ ሳሉና ስለ አየሩ አነሱ። ኢሕሳን መጽሐፉን ተቀብላ ጮክ ብላ ልታነብ ገጽ 289ን ስትገልጥ ጋሽ ወርቁ ተነሱ።

«ኮምፕረሰሩ እየጮኸ ነው፤ አጥፍቼው ልምጣ።»

ሽንፈታቸውን ላለመስማት ነው ብዬ በሆዴ ሳቅሁ። ኢሕሳን አነበበች። ዶክተሩ አልነበረም። ማን እንደነበረ አልነግራችሁም፤ መጽሐፉ ሂሩት ጋ አለ። ዓሪፍ «በዚህስ ደራሲው ሊከሰስ ይገባል» አለ። መምህር ስዩም የቀድሞው፣ የተደገመው መጨረሻ ይሻል ነበር ብለው ሞገቱ። ኢሕሳን ስለ መድኃኒቱ ልክ በመሆኗ ሌላው ሁሉ ግድ አልሰጣትም።

ጋሽ ወርቁ ቀስ ብለው ተመለሱ።

«ዶክተሩ አይደለም፣ ጋሽ ወርቁ» አለች ሂሩት በለሰለሰ ድምፅ።

እሺ፣ ታዲያ ማነው? ብለው አልጠየቁም። እስክሪብቶ ተቀብለው ከርዕሱ ሥር የጻፉትን በቀጥታ መስመር ሰረዙ፤ እስክሪብቶውን መለሱ፤ ሄዱ።

መጀመሪያ ከተማው ተመቸው። አንድ ሳምንት ሁሉም ያሻውን አነበበ። በሁለተኛው ሳምንት ዓሪፍ ሱቄ መጣ። «ጎማዬ ምንም ሳይሆን ሄጄላቸው ነበር» አለኝ። «ነፍተውልኝ ‹ደህና ዋል› ብቻ አሉኝ። ሀብታሙ ሙት፣ የሌላ ሰው ቤት የገባሁ መሰለኝ።» ሂሩትም ሳትወድ አመነች፦ መጨረሻው ተነግሮት ተናዶ፣ እውነት መሆኑን ሊያጣራ የሚከራይ ሰው ለካ ብዙ ነበር።

እኔ ደግሞ በዚያ ሰሞን ሌላ የወንጀል ልብ ወለድ ተከራይቼ ገጽ 180 ላይ ተጣበቅሁ። የባለታሪኳ አባት ብቻውን ቤት ነው፤ ከውጭ የበሩ እጀታ ይዞራል። ሁለት ቀን መጽሐፉን አነሳለሁ፣ አስቀምጣለሁ። በሦስተኛው ቀን የሞተሬን የውስጥ ጎማ፣ ካላማዳሪያውን ፈትቼ ጎሚስታ ቤት ሄድኩ። መጽሐፉ ብብቴ ሥር ነው።

ጋሽ ወርቁ ካላማዳሪያውን ነፍተው ውኃ ውስጥ ነከሩት፤ አረፋ የሚወጣበትን ቦታ እያዞሩ ይፈልጋሉ።

«ጋሽ ወርቁ፣ የዚያን ለት መብራት አልነበረም።»

«የትኛው ለት?»

«ኢሕሳን ያነበበች ለት። መብራት ጠፍቶ ኮምፕረሰር አይጮህም።»

እጃቸው ውኃው ውስጥ ቆመ።

«መጽሐፉን የት ድረስ ነው ያነበቡት?»

«ሁለት መቶ አሥር» አሉ ቀስ ብለው። «ደረጃው ላይ ኮቴ ስትሰማ። ሀብቴ፣ አልቻልኩም። ልቤ እዚህ ጋ መጣች። እኔ መጽሐፍ ጨርሼ አላውቅም። እንዲያው እንዳይንጠለጠልብኝ ራሴ እጨርሰዋለሁ።»

«ለምን ታዲያ ዶክተሩን?»

«እና ማንን ላድርግ? እህቷ ብትሆን እናታቸው አማቿን በቀበረች ማግስት ልጇንም ልታጣ ነው? ዘበኛው ሦስት ልጅ አለው፤ ገጽ ሠላሳ ላይ ተጽፏል። ዶክተሩ ሚስት የለው፣ ልጅ የለው። ቢታሰር የሚያለቅስለት የለም።»

«የአውቶቡሱስ? የጠፋው ልጅ?»

«አንተ ደግሞ! ያች እናት ከፊቴ እያነባች፣ ወልድያ ደርሰናል፤ ልጁ ሳይገኝ ትውረድ?»

ብርድ ልብሱን ልጠይቅ አልኩና ተውኩት። መጽሐፉን ከብብቴ አወጣሁ።

«ገጽ 180 ላይ ነኝ። አባትየው ብቻውን ነው፤ የበሩ እጀታ ዞሯል። እባክዎ ይንገሩኝ።»

«ምያለሁ እኮ።»

«የማሉት አሥራ ስድስት ገጽ በጎደለው መጽሐፍ ላይ ነው። እኔ የሙያው ሰው ነኝ፤ በጎደለ ጥራዝ ላይ የተማለ መሐላ አይያዝም።»

እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉ። መጽሐፉን ዘወር ብለው እንኳ አላዩትም። ኮምፕረሰሩን አዩት፤ ኮምፕረሰሩ ጥጉ ላይ ይንደቀደቃል። ሄደው አጠፉት፤ ለጥንቃቄ ሶኬቱንም ነቀሉት። ከዚያ ተመልሰው ፊታቸው እየበራ፦

«አልነግርህም እንጂ…» አሉ።

አሮጌ ጎማ ስቤ ተቀመጥኩ።